ሲአር 2032 ምንድን ነው? በመኪና ቁልፍ ውስጥ ስላለችው ክብ ባትሪ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ ወር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ባሕር ዳር ጉዳይ ስለነበረኝ በጊዜ ተነሳሁ። የመኪናዬን ሪሞት ተጫንኩ። ዝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩ። አሁንም ዝም። መስታወቱ ላይ አስደግፌ ስጫን ነው በሩ የተከፈተው።

ከባሕር ዳር ስመለስ ጋራዥ ወሰድኩት። «ቁልፉ ኮዱን ጥሏል፤ በኮምፒውተር እንደገና መጻፍ አለበት» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ያስደነግጣል። ብሩን ከመክፈሌ በፊት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓት የሚሠሩ አንድ አባት ጋ ጎራ አልኩ።

«እስቲ አምጣው ልጄ» አሉና በቀጭን ካቻቢቴ የቁልፉን ጎን ፈልቀቅ አደረጉት። ባትሪዋን አወጡ። ከሥሯ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጣጥፎ ተጎዝጉዟል።

«ይኼን ማን አደረገው?»

«ዓምና አንድ ሱቅ ባትሪ አስቀይሬ ነበር፣ አባባ።»

«ይቺ 2025 ናት። ቤቷ የ2032 ነው። ስትላወስባቸው ጊዜ ጎዘጎዙላት።»

ወረቀቱን ጣሉት። የባትሪውን ቤት ጠረጉ። ትክክለኛዋን ባትሪ አስገቡና ክዳኑን ጠቅ አድርገው መለሱልኝ። መኪናዬ መንገዱ ማዶ ቆማለች። ስጫነው ከዚያ ድረስ መብራቷን ብልጭ አደረገች። የጠፋ ኮድ አልነበረም። የተሳሳተ ቁጥር ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብዙ ሰው ላይ ሲደርስ ስለማይ ነው። ሱቅ ገብተን «የመኪና ቁልፍ ባትሪ አለ?» እንላለን። ባለ ሱቁም ከመስታወቱ ሥር አንዷን ክብ ባትሪ ያነሳልናል። ሁሉም «የሰዓት ባትሪ» ስለሚባል አንድ ዓይነት ይመስለናል። አንድ አይደለም። ጀርባዋ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው ግን የሚያስፈልገውን ያገኛል።

ሲአር 2032 የሚለው የድርጅት ስም አይደለም። ዓለም የተስማማበት የመጠንና የዓይነት መለያ ነው። «ሲ» የውስጡን ኬሚካል ይነግረናል፤ ሊቲየም ከማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጋር ማለት ነው። «አር» ክብ ናት ማለት ነው። 20 የባትሪዋ ወርድ ሲሆን 20 ሚሊ ሜትር ነው። 32 ደግሞ ውፍረቷ ነው። መሐሉ ላይ ነጥብ አስገብታችሁ 3.2 ሚሊ ሜትር ብላችሁ አንብቡት። በዚሁ ስሌት ሲአር 2025 ወርዷ ያው 20 ሆኖ ውፍረቷ 2.5 ነው። ሲአር 2016 ደግሞ 1.6 ናት። ሲአር 1632 ወርዷ 16፣ ውፍረቷ 3.2 ነው። ይህን አንድ ጊዜ የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ያነባል።

ሦስቱም ባለ 20ዎች 3 ቮልት ናቸው። ስህተቱ ሳይታወቅ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የ2032 ቤት ውስጥ 2025 ብትገባ ቁልፉ ይሠራል። ግን 0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። መኪናው በኮረኮንች ሲንገጫገጭ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሲገላበጥ ግንኙነቱ ይላላል። ወረቀት መጎዝጎዝ ለጊዜው ያስታግሰዋል እንጂ መፍትሔ አይሆንም። የምትይዘው ኃይልም ያንሳል። 2032 ወደ 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ትይዛለች፤ 2025 ወደ 165፤ 2016 ወደ 90 ብቻ። የ2016 ዕድሜ ከ2032 ግማሽ አይሞላም ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሁለት 2016 ሲደራረቡ 1.6 እና 1.6፣ ልክ 3.2 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። የ2032 ቤት ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። ቮልቱ ግን ይደመርና 6 ይሆናል። ለ3 ቮልት የተሠራ ቁልፍ ላይ እንዲህ ማድረግ ሰርኪዩቱን ሊያቃጥለው ይችላል። አንዳንድ የድሮ ሪሞቶች በዲዛይናቸው ሁለት ባትሪ ደርበው የሚወስዱ ናቸው። የእናንተ እንደዚያ ካልሆነ ግን «2032 የለንም፣ ሁለት 2016 እናድርግልህ» የሚላችሁን ሰው እሺ አትበሉ።

ፊደሎቹም ያሳስታሉ። ዲኤል 2032 እና ኢሲአር 2032 የሚሉት የአምራቾች የራሳቸው አጠራር ነው፤ ባትሪው ያው ነው። ኤልአይአር 2032 ግን ሌላ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነው፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። መጠኑ አንድ ስለሆነ ቁልፋችሁ ውስጥ ይገባል። አታስገቡት። ተራውን ሲአር 2032 ደግሞ ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ባትሪዋ ስትደክም ቁልፉ በአንዴ አይሞትም። መጀመሪያ ርቀቱ ያጥራል። ከ20 እርምጃ ይከፍት የነበረው በ5 እርምጃ፣ ቀጥሎ በክንድ ርቀት ይሆናል። ከዚያ ሁለት ሦስቴ መጫን ይጠይቃል። የጎጃም አየር ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ብርድ ሲሆን የባትሪው ኬሚካል ይዘገያል፤ ኃይሉ እንዳይወጣ ከውስጥ የሚገታው መቋቋም ይጨምርና ቁልፉን ስትጫኑ ቮልቱ ይወርዳል። አዲስ ባትሪ ይህን ይችለዋል። ልታልቅ ያለች ባትሪ ግን አትችለውም። እንጅባራ ወይም ጮቄ ሥር ያደረ መኪና ጠዋት እምቢ ብሎ ቀትር ላይ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የአባይ በረሃ ሥር ያለው ድልድይ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ደጀን ላይ ያስቸገረ ቁልፍ በረሃው ውስጥ ደህና ሆኖ ይገኛል። ሹፌሩም «ተሻለው» ብሎ ይረሳዋል። አልተሻለውም። ማታ ከፍታው ላይ መልሶ ይሰንፋል። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር ቁልፍ ካላችሁ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ኮዱስ? በአብዛኞቹ መኪኖች ኮዱ ያለ ባትሪ በሚቆይ ሜሞሪ ላይ ነው የተጻፈው። ባትሪው ወጥቶ ቢያድር አይጠፋም። ሞተሩን እንዲነሳ የሚፈቅደው ትንሿ ቺፕም የራሷ ኃይል አያስፈልጋትም። ከመኪናው በኩል የሚመጣው ማግኔታዊ ሞገድ ራሱ ያነቃታል። ስለዚህ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅ በሩን በቁልፉ ብረት ከፍታችሁ ሞተሩን ማስነሳት ትችላላችሁ። በቁልፍ ሳይሆን በበተን የሚነሱትም ቢሆኑ መላ አላቸው። ከሪሞቱ ጎን ወይም ሥር ያለችውን መክፈቻ ስትገፉ ውስጡ የተደበቀ የብረት ቁልፍ ይወጣል። በሩን በእሱ ክፈቱ። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ሪሞቱን ራሱን በተኑ ላይ አስጠጉ። ቶዮታዎች ላይ አርማው ያለበትን ጎን ነው የምታስነኩት። አንዳንድ መኪና ደግሞ ሪሞቱ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። መንገድ ላይ ከመቅረታችሁ በፊት አንድ ቀን ሰፈር ቆማችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ግዢው። ደህና ባትሪ የሚሠሩ የታወቁ ድርጅቶች አሉ፤ ፓናሶኒክ፣ ማክሴል፣ ኢነርጃይዘር፣ ዱራሴል፣ ቫርታ፣ የስዊሱ ሬናታ። ሶኒ የባትሪ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2017 ሙራታ ለተባለ ድርጅት አስተላልፏል። ስለዚህ የቅርብ ቀን የታተመበት የሶኒ ክብ ባትሪ ስታዩ ጠይቁ። በሌላ በኩል ፓናሶኒክ ላይ «ኢንዶኔዥያ» የሚል ማየት የፎርጂድ ምልክት አይደለም፤ እዚያ ፋብሪካ አለው።

ችግሩ ስሙ በቀላሉ መታተሙ ነው። እኔ ከስሙ በፊት እሽጉን አያለሁ። ባትሪዎቹ በየራሳቸው ጎድጓዳ ቤት በፕላስቲክ ታሽገው፣ ጀርባቸው ላይ የሚያበቁበት ቀን ታትሞ መሆን አለበት። ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ሳይከፈት ወደ 10 ዓመት ይቆያል፤ በዓመት የሚያጣው ኃይል 1 በመቶ ገደማ ነው። ከእሽጋቸው ወጥተው አንድ ብርጭቆ ውስጥ የተከመሩትን አልገዛም። እርስ በርስ እየተነካኩ ኃይላቸውን ይጨርሳሉ። ፀሐይ የሚመታው መስታወት ሥር የከረመውንም እተወዋለሁ።

ክብደትም ይናገራል። ትክክለኛ ሲአር 2032 ወደ 3 ግራም ነው። ውስጡ የጎደለ ባትሪ ቀለል ይላል። የቡና ወይም የጤፍ ሚዛን ይህን አይለይም፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ግን ይለያል። የማውቀው ወርቅ ሠሪ ጋ አንድ ጊዜ ሁለት ባትሪ አስመዝኜ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። በቴስተር መለካትም ጥሩ ነው፤ አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3.2 ገደማ ያሳያል። ግን በዚህ ብቻ አትመኑ። ሥራ ሳይዝ ደህና ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ቁልፉ ሲጫን ሊዝል ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ዱራሴል ልጆች አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ እንዲተፉት ባትሪው ላይ የሚመር ነገር ይቀባል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። በአንዳንድ መሣሪያ ላይ ግን ቅቡ ግንኙነቱን ያውካል። አዲስ ባትሪ አስገብታችሁ እምቢ ካለ በአልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉትና ድገሙት።

መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው። የቁልፉን ክዳን በጨርቅ በተሸፈነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቅቁ። ባትሪውን ከማንሳታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ፖዘቲቩ ነው፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንደ ቁልፉ ይለያያል። በብረት ወረንጦ ሁለቱን ገጾች አትያዙ፤ ሾርት ታደርጉታላችሁ። ማታ ቁልፉን ከቴሌቪዥንና ከቻርጀር አጠገብ አታስቀምጡ፤ በተለይ በበተን የሚነሱት መኪኖች ቁልፍ ከመኪናው የሚመጣውን ሞገድ ሲጠብቅ ነው የሚያድረው፣ የእነዚህ መሣሪያዎች ሞገድ ደግሞ ባትሪውን ያደክመዋል።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ላይ ደረስኩ። የወጣችው አሮጌ ባትሪ የሞተች አይደለችም። ለቁልፉ አነሰች እንጂ የልጅ ጉሮሮ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል አላት። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ባትሪ የሕፃን ጉሮሮ ላይ ስትቀረቀር ምራቁ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በኔጋቲቩ በኩል ሥጋ የሚበላ አልካሊ ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ታደርሳለች። ልጁ ሊያስለው፣ ሊያዝረከርክ፣ ምግብ እምቢ ሊል ይችላል፤ ምንም ምልክት ላያሳይም ይችላል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳታድሩ፣ ሳታስመልሱ ቀጥታ ሆስፒታል። ራጅ ላይ ሳንቲም ልትመስል ስለምትችል «ባትሪ ነው» ብላችሁ ተናገሩ።

በጉዞ ላይ ማርም ይረዳል። ባትሪዋ በምታደርሰው ቃጠሎ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለ፣ ባትሪዋን ከዋጠም 12 ሰዓት ካልሞላው በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ እስከ 6 ጊዜ። ማሩ ባትሪዋን ይሸፍናል፤ ቃጠሎውን ያዘገያል። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ፍለጋም መንገድ አይቆምም፤ ቤት ውስጥ ካለ ይዞ መሮጥ ነው። በእኛ አገር ማር የሌለበት ጓዳ ብዙ አይገኝም።

ሰዓት ሠሪው አባት ያቺን የእኔን 2025 ወዲያ አልወረወሯትም። ከመሳቢያቸው ፕላስተር አውጥተው ሁለቱንም ገጿን ሸፈኑ፤ ክዳኑ በሚጠብቅ የቡና ጣሳ ውስጥ ጨመሯት። ጣሳው ከጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እዚህ ነው የሚጫወተው» አሉኝ።