የጋራዥ ሪያሊቲ ሾዎች ለምን ተመልካች አጡ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰሞን ቴሌቪዥን ሲከፈት የብየዳ ብልጭታ የማይታይበት ምሽት አልነበረም ማለት ይቻላል። ፎርኬላቸው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) የረዘመ፣ ቾፐር የሚባሉ ሞተር ሳይክሎች፣ ተቆርጠው የተቀጠሉ መኪኖች፣ ክንዳቸውን የተነቀሱ ባለሙያዎች። «አሜሪካን ቾፐር»፣ «ሞንስተር ጋራዥ»፣ «ፒምፕ ማይ ራይድ» የሚባሉት የአሜሪካ ፕሮግራሞች ስማቸው የገነነ ነበር። ዛሬ ያ ድምቀት የለም። ለምን ደበዘዘ ሲባል ግን የሚሰጡት መልሶች ብዙዎቹ አያሳምኑኝም። ጉዳዩን ከልቤ ስለምወደው አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሰው የእጅ ሙያ ማየት ሰልችቶታል»

ከሁሉም የተሳሳተው ይሄ ነው። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ላሜራ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ እቀር ነበር። ሽማግሌው ባለሙያ የተጨፈለቀ ፓራፋንጎ (የመኪና ጎማ መሸፈኛ ላሜራ) ጭናቸው ላይ አድርገው በትንሽ መዶሻ ከውስጥ በኩል ቀስ እያሉ ይመቱታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። እጃቸው ያገኘውን ስርጉድ የእኛ ዓይን አያየውም። እንደገና ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል፤ እንደገና ይዳብሱታል። የሰፈር ልጅ ሁሉ እዚያ ተገትሮ ይውላል። እናቴ እኔ ስጠፋባት መጀመሪያ የምትመጣው እዚያ ነበር።

ሥራ የሚችል እጅ ማየት አይሰለችም። ሾዎቹ ግን ያንን እጅ እያሳጠሩ፣ እየቆረጡ ሄዱ። «ዊለር ዲለርስ» የሚባለውን የእንግሊዞች ፕሮግራም ውሰዱ። በ2003 የጀመረ ነው። ማይክ ብሩወር አሮጌ መኪና ይገዛል፤ መካኒኩ ኤድ ቻይና ፈታትቶ ይጠግናል። ኤድ እያንዳንዱን ብሎን ለምን እንደሚፈታ እያስረዳ ነበር የሚሠራው። በ2017 ለቀቀ። ምክንያቱን ራሱ በቪዲዮ ተናገረ፦ አዲሶቹ አዘጋጆች የጋራዡ ክፍል ለመቅረጽ ከባድ ነው ብለው ሊያሳጥሩት ፈለጉ፤ እሱ ደግሞ ጥራቱ እንዲወርድ አልፈለገም። የተመልካቹ ቁጣ ቀላል አልነበረም። ሙያ የሰለቸው ሰው ለምን ይቆጣል?

«ተመልካች የሚመጣው ለጠብ ነው»

ግማሽ እውነት አለው፤ ሳልክድ ልናገር። «አሜሪካን ቾፐር» በኒውዮርክ ግዛት፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ያለ የአባትና የልጅ ጋራዥ ታሪክ ነው። አባትየው ፖል ቱተል ሲኒየር ቀድሞ አጥርና ደረጃ የሚበይድ የብረት ሠራተኛ ነበር። ልጁ ፖል ጁኒየር ሞተሮቹን ይነድፋል። አባት ይጮኻል፣ ልጅ ይመልሳል። ሰው በዚህ ተስቦ መምጣቱ እውነት ነው።

ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ከጩኸቱ ጀርባ ሥራ ነበር። ከ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ፣ ለሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መታሰቢያ የሠሩትን ቀይ ሞተር አስታውሳለሁ። ከመንትያዎቹ ሕንፃዎች ፍርስራሽ የወጣ ቁራጭ ብረት ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ላይ ገጥመውበታል። ያንን ሲያዩ ዝም ነው የሚባለው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጠቡም ትርጉም ነበረው፤ ሁለቱም የሚጣሉት ለሥራው ሲሉ ይመስል ነበር።

በኋላ ጠቡ ሥራውን ዋጠው። ብዙው ሞተር የድርጅት ማስታወቂያ ሆነ። አባት ልጁን አባረረ፤ ልጅ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ ከ2010 ጀምሮ ሾው ራሱ «ሲኒየር ከጁኒየር» ተባለ። በ2011 መጨረሻ የ«ሞንስተር ጋራዥ»ን አቅራቢ ጄሲ ጄምስን ጨምረው ሞተር ሠርተው ተወዳደሩ፤ ውጤቱ በቀጥታ ስርጭት ሲነገር ጁኒየር አሸነፈ። በ2018 ደግሞ ሁለቱ የተጨቃጨቁበት፣ ወንበር የተወረወረበት የድሮ ትዕይንት በኢንተርኔት ቀልድ ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ሁሉ ሥራ ሰው ያስቀረው የተወረወረችውን ወንበር ነው። እኔን ይሄ ያሳዝነኛል። የቤተሰብ ጠብ አንዴ ያስደነግጣል፣ ሁለቴ ያስገርማል፤ ሦስተኛው ላይ ሰው ሪሞቱን ያነሳል።

«መኪናው በእርግጥ በሳምንት ያልቃል»

«ሞንስተር ጋራዥ» አንድን መኪና ወደ ሌላ ነገር ለሚቀይሩ ባለሙያዎች ሰባት ቀን ብቻ ይሰጥ ነበር፤ የጨዋታው ሕግ ነው፣ ተመልካቹም ያውቀዋል። ችግሩ ሌሎቹ ላይ ነው። በ«ፒምፕ ማይ ራይድ» የወጣቱ ጭርንቁስ መኪና በጥቂት ቀን አምሮበት የሚመለስ ይመስል ነበር። በ2015 ግን የቀድሞ ተሳታፊዎች ሃፊንግተን ፖስት ለተባለው የዜና ድረ ገጽ እውነቱን ተናገሩ። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ለወራት ይቆይ ነበር። አንዳንዱ ጌጥ ለቀረጻ ብቻ ተገጥሞ ካሜራው ሲጠፋ ተነስቷል።

ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርመውም። ስርጉዱ የሚሞላበት ስቱኮ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ቀለም ተቀብቶ፣ ተፈግፍጎ፣ ደግሞ ይቀባል። ቾፐር ከሆነ መጀመሪያ ያለ ቀለም ሙሉ በሙሉ ይገጣጠማል፤ ልኩ ሲረጋገጥ እንደገና ተበታትኖ ቀለም ቤት ይገባል። ከዚያ ደግሞ ሳይጫር መገጠም አለበት። ይሄ ጥበቃ ራሱ ሙያ ነው፤ ሾዎቹ ግን ደብቀውት በቦታው የውሸት ጥድፊያ አስገቡ። ተመልካቹ ሲነቃ እምነቱን ይዞ ሄደ።

«የገደላቸው የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው»

የቾፐር ገበያውን ክፉኛ መትቶታል። ብዙ አሜሪካዊ ያንን ውድ ሞተር የሚገዛው ቤቱን አስይዞ በተበደረው ገንዘብ ነበር። የቤት ዋጋ ሲወድቅ ገዢውም ጠፋ። በቴክሳስ ቾፐር በብዛት ያመርት የነበረው አሜሪካን አይረንሆርስ በዚያው ዓመት ከሰረ። ሾዎቹን ግን ብቻውን አልገደለም። በዳላስ ጋራዥ ውስጥ ይቀረጽ የነበረው የመኪና ፕሮግራም «ፋስት ኤን ላውድ» የተጀመረው ከቀውሱ በኋላ፣ በ2012 ነው። እስከ 2020 ዘልቋል።

«በቲቪ የወጣ ጋራዥ ሀብታም ይሆናል»

ሁልጊዜ አይደለም። የቱተሎች ድርጅት በ2008 ኒውበርግ ከተማ ውስጥ ግዙፍ ሕንፃ ከፈተ፤ ሞተርም ቲሸርትም የሚሸጥበት። የሕንፃው ዕዳ ከበዳቸው። አባትየው በ2018 ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ዝና ደንበኛ ያመጣል፤ ወርሃዊ ወጪን ግን አይከፍልም።

«እንግዲህ ይሄ ዓይነት ፕሮግራም ሞቷል»

ቦታ ቀየረ እንጂ አልሞተም። ሁለት እንግሊዛውያን በ2013 አንዲት አሮጌ ሚኒ መኪና ዩቲዩብ ላይ መሥራት ጀመሩ። የቶዮታ ሴሊካ መኪናን ሞተርና አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሰውን አሠራር እዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ ሊያስገቡ ነበር። ከአንዱ ክፍል እስከ ቀጣዩ አንዳንዴ ወራት ያልፉ ነበር። ጠብ አልነበረም፣ ቀነ ገደብ አልነበረም። አንድ ትንሽ ማሰሪያ ከላሜራ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በይደው፣ አልገጥም ሲል ጥለውት እንደገና ሲሠሩ ረጅም ደቂቃ ይወስድ ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። ቀጣዩ መቼ ነው እያለም ይጠይቅ ነበር።