«ስኳሩ አልወርድ ካለ መርፌውን መጨመር ነው»፦ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ይህንኑ ነገረኝ። «የድመታችን ስኳር አልወርድ አለ፤ የኢንሱሊን መርፌውን መጠን ጨመርንለት።» ማን ጨምሩ አላችሁ ስል መልሱ አንድ ነው። «ቁጥሩ 400 ሲሆን ታዲያ ምን እናድርግ?»

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ቢሾፍቱ ስማር ትምህርቱ በአብዛኛው ስለ ከብት፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ነበር፤ ድመት ላይ ብዙ አልቆየንም። እዚህ ግን ስኳር ያለበት ድመት ሳላይ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ከደንበኞቻችን ብዙው አበሻ ስለሆነ በአማርኛ የሚደወለው ስልክ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። አንድ ዓይነት ስህተት ደጋግሜ መስማት ሰልችቶኛል። በዚህ ስህተት የሚጎዳ እንስሳ ስላለ ደግሞ ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ ኢንሱሊኑ አንሷል ማለት ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። የጤነኛ ድመት ስኳር በግምት ከ70 እስከ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ድመት ሲፈራ ግን ስኳሩ ይተኮሳል። ምንም ሕመም የሌለበት ድመት እንኳ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ መኪና ተጭኖ፣ የውሻ ጩኸት ሲሰማ ቆይቶ እኛ ጋ ሲደርስ 300 እና ከዚያም በላይ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ የተለካ አንድ ቁጥር ብቻውን የመርፌ መጠን አይወስንም።

ቤት የተለካም ቢሆን ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ይህን ከውሮ ታሪክ ማየት ይቻላል። ውሮ የ11 ዓመት ወፍራም ወንድ ድመት ነው። የሚኖረው ከእናትና ከልጅ ጋር ነው። ኢንሱሊን ሲጀምር 1 ዩኒት ጠዋት፣ 1 ዩኒት ማታ ነበር የታዘዘለት። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ከመርፌው በፊት ትለካዋለች። ሁልጊዜ ከ350 በላይ ነው። በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ዩኒት እየጨመረች 5 አደረሰችው። አንድ እሁድ ከሰዓት እናቷ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ውሮ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል።»

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ማር አለ?»

«አለ።»

«በጣትዎ ትንሽ ይዘው ድዱ ላይ ይቀቡለት። አፉ ውስጥ አያፍስሱበት፣ ያንቀዋል። ከዚያ ሳትቆዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።»

ማሩን ቀምሶም እንኳ ሲደርሱ ስኳሩ 41 ነበር። ለጥቂት ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከመርፌ በፊት የሚለካው ስኳር የማታው ኢንሱሊን ኃይሉ ያለቀበት ሰዓት ላይ ነው። ከፍ ቢል አይገርምም። የመርፌውን መጠን የሚወስነው በዋናነት የቀኑ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ድመት ብዙውን ጊዜ ወደ ታች የሚወርደው ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ውሮ ጠዋት 360 ሆኖ እኩለ ቀን ላይ 60 ይገባ ነበር። እሱን ማንም አላየም። በዚያ ላይ ስኳሩ በጣም ሲወርድ ሰውነት ደንግጦ ስኳር የሚያወጡ ሆርሞኖችን ይለቃል። ይህ በድመቶች ላይ ምን ያህል እንደሚያጋጥም ሐኪሞች ይከራከራሉ። ኢንሱሊኑ ቶሎ አልቆም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ግን ጠዋት የምታዩት ቁጥር አንድ ነው፤ ከፍተኛ። በሁለቱም ጊዜ በጭፍን መጨመር ድመቱን ወደ ገደል ይገፋዋል።

መደረግ ያለበት የቀን ልኬት ነው። ከጠዋት 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ እቤት፣ ድመቱ በለመደው ቦታ። ደሙ የሚወሰደው ከጆሮው ጠርዝ ነው፤ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ጆሮውን መጀመሪያ በእጃችሁ አሙቁት፣ ሲጨርስ የሚወደውን ስጋ ስጡት። ብዙ ድመት በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። የሰው መለኪያ በድመት ደም ላይ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ እንደ አልፋትራክ ያለ ለእንስሳ የተሠራ መለኪያ ይሻላል። ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካው ሊብሬም ይሠራል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚያገለግል ነው፤ ድመት ግን ቀድሞ ሊነቅለው ይችላል። መለካት ጨርሶ የማይቻል ከሆነ ፍሩክቶሳሚን የሚባል የደም ምርመራ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ አማካይ ያሳያል፤ የዕለቱ ፍርሃት አይነካውም።

መጠን የሚቀየረው ከዚያ በኋላ፣ ከሐኪሙ ጋር ነው። አንዴ ከተቀየረ፣ ስኳሩ ወድቆ ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ቀን ይጠበቃል። ጭማሪው ግማሽ ወይም አንድ ዩኒት ነው። በየሦስት ቀኑ መጨመር የለም። ድመቱ እየበላ ደህና እስከሆነ ድረስ ከፍ ያለ ስኳር በጥቂት ቀን አይገድልም። የወደቀ ስኳር ግን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

«ለክተናል፣ ቀኑን ሙሉ ከፍ ያለ ነው። አሁንስ መጨመር ነው?»

አሁንም ቆዩ። መጀመሪያ ብልቃጡንና ሲሪንጁን አሳዩኝ። ፕሮዚንክና ቬትሱሊን የሚባሉት የእንስሳ ኢንሱሊኖች በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት አላቸው። ላንተስ የሚባለው የሰው ኢንሱሊን 100 ነው። ሲሪንጁም እንደዚያው ሁለት ዓይነት ነው። አንድ አባት ፕሮዚንኩን ከሰፈር ፋርማሲ በተገዛ ባለ 100 የሰው ሲሪንጅ ይወጉ ነበር። 3 ዩኒት የመሰላቸው 1.2 ብቻ ነበር። ለወራት «ድመቱ ኢንሱሊን አይቀበልም» ሲሉ ኖረዋል። የተገላቢጦሹ ይብሳል፤ ላንተስን ባለ 40 ሲሪንጅ ከቀዳችሁ ሁለት ተኩል እጥፍ ትሰጣላችሁ።

ላንተስ አይናጥም። ቬትሱሊን ግን በደንብ መናጥ አለበት፣ አምራቹ ራሱ የሚያዘው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። መርፌው ቆዳውን አልፎ ጠጉር ላይ ፈሶም ሊሆን ይችላል፤ ቦታውን ዳስሱት፣ እርጥብ ከሆነ መድኃኒቱ ውጭ ቀርቷል። ገብቶ እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን ሁለተኛ አትውጉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሌላ በሽታ እንፈልጋለን። የበሰበሰ ጥርስ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የቆሽት ሕመም፣ ታይሮይድ። ለማሳከክ የተሰጠ የስቴሮይድ መርፌም ስኳርን ሰቅሎ ይይዛል። አንድ ድመት ላይ ሁለት ጥርስ ተነቅሎ በሁለተኛው ሳምንት መጠኑ በግማሽ ቀንሷል።

ብዙ ሰው የማይሰማው ደግሞ የዕድገት ሆርሞን መብዛት ነው። ከአንጎል ሥር ያለች ዕጢ ስታብጥ ሆርሞኑን አብዝታ ታመርታለች፤ ኢንሱሊኑም በደንብ አይሠራም። የእንግሊዙ ሮያል ቬተርናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ1,200 በላይ ባለ ስኳር ድመቶችን መርምረው ከአራቱ በአንዱ ገደማ ላይ የዚህን ምልክት በደማቸው አግኝተዋል። ስኳሩ ሳይስተካከል ክብደት እየጨመረ የሚሄድ፣ ፊቱና መዳፉ የሰፋ ድመት ካላችሁ አይ ጂ ኤፍ ዋን የተባለው ምርመራ ይሠራለት በሉ። እናንተ ካልጠየቃችሁ የሚረሳበት ጊዜ አለ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ጣፋጭ አብዝቶ ነው የያዘው።» ድመት የጣፋጭ ጣዕም አይሰማውም፤ ጣዕሙን የሚለየው ዘረመል አይሠራለትም። ዋናው ምክንያት ውፍረትና ዕድሜ ነው።

«ጤፍ ለስኳር ጥሩ ስለሆነ ፍትፍት እንሰጠዋለን።» ድመት ሥጋ በል ነው። ጉበቱ ዱቄትን እንደ እኛ አያስተናግድም። እንጀራም ሆነ የሚንኮሻኮሸው ደረቅ ምግብ ስኳሩን ይሰቅለዋል። የቆርቆሮው እርጥብ ምግብ፣ ዱቄት ያልበዛበት፣ ይሻላል። ግን ኢንሱሊን እየወሰደ ምግቡን በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ ስኳሩ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ።

አብሽና ሽፈራው፦ ኢንሱሊንን አይተኩም። በቃ።

«የእማዬን ኢንሱሊን እንስጠው።» ለእናታችሁ የታዘዘው የእናታችሁ ነው። ለሰው ለግማሽ ቀን የሚበቃ ኢንሱሊን በድመት ላይ በጥቂት ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ሜትፎርሚኑም ለድመት አይጠቅምም።

«አሁን ክኒን ወጥቷል፣ መርፌውን ተውነው።» ወጥቷል። ቤክሳካት የተባለው ክኒን በ2022፣ ሴንቬልጎ የተባለው በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። የተፈቀዱት ግን ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ላልወሰደ፣ በሌላው ጤናው ደህና ለሆነ ድመት ነው። መርፌ ላይ የቆየውን በራሳችሁ ብትቀይሩት ስኳሩ ደህና እየመሰለ ደሙ ኪቶን በተባለ አሲድ ሊመረዝ ይችላል። ምግብ የተወ፣ የሚያስመልሰው፣ የደከመ ባለ ስኳር ድመት ነገ አይባልም። የዚያኑ ቀን ይምጣ።

«አንዴ ከያዘው ዕድሜ ልኩን ነው።» ድመት ላይ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ቶሎ የታከመ፣ ምግቡ የተስተካከለ ድመት ኢንሱሊን ጨርሶ የማያስፈልገው ደረጃ ሊደርስ ይችላል። የኋላ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ላይ እያሳረፈ የሚሄድ የነበረ እንኳ ስኳሩ ሲስተካከል ቀስ በቀስ ቀጥ ብሎ መራመድ ሲጀምር አይቻለሁ። ለዚህ ነው በየጊዜው መለካት የሚያስፈልገው፤ ቆሽቱ ሲያገግም የድሮው መጠን ይበዛበታል።

ውሮ ዛሬ 2 ዩኒት ላይ ነው። ጆሮውን የሚወጉት እማማ ራሳቸው ናቸው። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ በየወሩ ያመጡልኛል። ባለፈው ልጅቷ ጠዋት 310 አይታ ደንግጣ መጠኑን ልትጨምር ስትል «ቆዪ እንጂ፣ የሰባት ሰዓቱን ሳናይ?» አሏት። የሰባት ሰዓቱ 112 ነበር።