ሕዝቡ ያልመከርነውን ሲመርጥ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የምርጫ ውጤት በተነገረ ማግስት የጸሎት ቡድናችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ገና በጠዋቱ «እልል በሉ፣ ጌታ ጸሎታችንን ሰማ» ብሎ ይለጥፋል። ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ይደረደራል። ትንሽ ቆይቶ አንዲት እህት ምንም ሳትናገር ከግሩፑ ትወጣለች። ያቺ እህት እኮ ባለፈው የዚያው ወንድም ልጅ ሲታመም ጾማ የጸለየች ናት። እሑድ ሲገናኙ ይጨባበጣሉ፤ ዓይን ለዓይን ግን አይተያዩም።

ይህ በብዙ አገር፣ በብዙ ጉባኤ የሚሆን ነገር ነው። ማን ይመራል የሚለው ቀላል ጉዳይ ነው አልልም። የሰው እንጀራና ሕይወት የሚነካ ነገር ቀላል ሊሆን አይችልም። ግን የሥልጣን ዘመን ያልቃል፤ የተቆረጠ ኅብረት ሳይቀጠል ስንትና ስንት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ 1ኛ ሳሙኤልን ከምዕራፍ 8 ጀምረን አብረን እንይ። እዚያ የድምፅ መስጫ ሣጥን የለም። ሕዝብ መሪ ሲሻ፣ በመሪው ምክንያት ሲከፋፈል፣ አንዱ ሲደሰት ሌላው ሲከፋው ግን አለ።

የእስራኤል ሽማግሌዎች በዚያ ዘመን ሕዝቡን ይመራ ወደነበረው ነቢዩ ሳሙኤል ዘንድ መጡ። «አንተ ሸምግለሃል፣ ልጆችህም በመንገድህ አይሄዱም፤ ንጉሥ አንግሥልን» አሉት። ይህን ክፍል ስናስተምር ብዙ ጊዜ ሕዝቡን ብቻ እንወቅሳለን። እስቲ ልጆቹንም እንያቸው። ኢዮኤልና አብያ በቤርሳቤህ ፈራጆች ነበሩ። ጉቦ ይበሉ ነበር፤ ፍርድ ያጣምሙ ነበር። እነሱ ፊት ቆሞ ፍርድ የተነፈገ ሰው ሌላ አስተዳዳሪ ቢመኝ ይፈረድበታል? የሕዝቡ መፍትሔ የተሳሳተ ነበር። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነበር።

ከእኛ የተለየ ድምፅ የሰጠ ወንድም ሁልጊዜ ሞኝ ወይም ክፉ ስለሆነ አይደለም። እኛ ያልቀመስነውን ግፍ ቀምሶ ይሆናል። «እንዴት እሱን ትመርጣለህ?» ከማለታችን በፊት «ምን አስመረረህ?» ብለን እንጠይቀው። ስንጠይቅም ከልብ ይሁን። የሚመልስልንን ለክርክር ልንለቅም ከሆነ ባንጠይቅ ይሻላል።

ሳሙኤል በጥያቄው ከፍቶታል፤ መጽሐፉም አይደብቀውም። ግን በከፋው ሰዓት መጀመሪያ የሄደው ወደ እግዚአብሔር ነው። ከዚያ ተመልሶ እውነቱን ቁልጭ አድርጎ ነገራቸው። ንጉሡ ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላው፣ ሴቶች ልጆቻችሁን ለማድ ቤቱ ይወስዳል፤ ከእርሻችሁ የተሻለውን፣ ከእህላችሁ አሥራቱን ይወስዳል አላቸው። አልሰሙትም። እሱም «እንግዲህ ታዩታላችሁ!» ብሎ በሩን ዘግቶ አልተቀመጠም። እግዚአብሔር ባዘዘው መሠረት ሳኦልን ንጉሥ እንዲሆን በዘይት የቀባው እሱ ነው። በምጽጳ ሕዝቡን ሰብስቦ በፊታቸው ያቆመውም እሱ ነው።

እዚያው ምጽጳ ላይ «ይህ ሰው እንዴት ያድነናል?» ብለው ሳኦልን የናቁ ሰዎች ነበሩ። እጅ መንሻም አላመጡለትም። ሳኦል ዝም አለ። ቆይቶ አሞናዊው ናዖስ ኢያቢስ ገለዓድን ከበበ። የሁላችሁንም ቀኝ ዓይን ካላወጣሁ ቃል ኪዳን አልገባም አለ። ሳኦል ሕዝቡን አስተባብሮ ከተማይቱን አዳናት። በአንድ ቀን ስሙ ገነነ። የደጋፊዎቹም ደም ፈላ። ሳኦል አይነግሥብንም ያሉት እነማን ናቸው፣ አምጡአቸውና እንግደላቸው አሉ። አያችሁ፣ ይህን ያለው ንጉሡ አይደለም፤ ደጋፊው ነው። ብዙ ጊዜ ከመሪው ይልቅ ደጋፊው ይብሳል።

ሳኦል ምን አለ? ዛሬ እግዚአብሔር ለእስራኤል ማዳን አድርጓልና ዛሬ አንድም ሰው አይሞትም አለ። ስለ ሳኦል በኋላ ብዙ የሚያሳዝን ነገር እናነባለን። በዚያ ቀን ግን ያሸነፈ ሰው ማድረግ ያለበትን አደረገ። የመረጥከው ሰው አሸንፎልህ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ይህ ላንተ ነው። «ያኔ ምን ብለሽ ነበር?» እያልክ የእህትህን የቆየ መልእክት እየመዘዝክ አትለጥፍ። ያስቀመጥከውን ስክሪንሾት አጥፋው። በወገንህ መካከል አንዱ «አሁን እናሳያቸዋለን» ሲል ደግሞ ዝም አትበል። በጠረጴዛ ዙሪያ እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ «ተው እንጂ፣ ወንድሞቻችን ናቸው» የሚል አንድ ሰው ሲኖር የጨዋታው መንገድ ይቀየራል።

አሁን ወደ ምዕራፍ 12 እንምጣ። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ሳሙኤል ሸምግሏል። ምክሩን የገፉት ሰዎች ፊቱ ቆመዋል። የማንን በሬ ወሰድሁ? ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ? ብሎ ጠየቃቸው። ማንም ሊከሰው አልቻለም። በስንዴ መከር ወራት ነጎድጓድና ዝናብ ሲመጣ ሕዝቡ ፈራ፤ ስለ እኛ ጸልይልን አሉት። «ንጉሣችሁ ይጸልይላችሁ» ሊል ይችል ነበር። እሱ ግን ስለ እናንተ መጸለይን በመተው እግዚአብሔርን እበድል ዘንድ ይህ ከእኔ ይራቅ አለ።

አለመጸለይን በደል ብሎ ጠራው። በሰው ላይ ብቻ የተፈጸመ በደል አይደለም፤ እግዚአብሔርን መበደል ነው። ስንቶቻችን ነን ከምርጫ በፊት አንድ ወር ሙሉ ተንበርክከን፣ ውጤቱ ሳያስደስተን ሲቀር ለመሪዎች መጸለይ ያቆምነው? ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ስለ ነገሥታትና በሥልጣን ስላሉ ሁሉ ጸልዩ ሲል የሚገዛው የሮም መንግሥት ነበር። ክርስቲያኖች የመረጡት መንግሥት አልነበረም።

ጸሎታችንም ይታረም። «ጌታ ሆይ፣ ዓይናቸውን አብራላቸው» ስንል ብዙ ጊዜ «እኔ ትክክል መሆኔን ይዩ» ማለታችን ነው። ይልቅ በስማቸው እንጸልይ። ለዚያ ወንድም ሥራ፣ ለልጁ ጤና፣ ለትዳሩ። ከእኛ ተቃራኒ ለቆመው እጩ ጥበብና ፍርሃተ እግዚአብሔር እንለምንለት። ለሰባት ቀን ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩና ከዚያ ስለ እሱ የሚለጠፈውን ስድብ ለመላክ እጃችሁ ይታዘዛችሁ እንደሆነ እዩ።

«ታዲያ ዝም እንበል ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። በፍጹም። ምዕራፍ 15ን አንብቡ። ሳኦል አማሌቃውያንን ሲመታ ምንም እንዳያስቀር የተሰጠውን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ጥሶ የምርኮውን ምርጥ በጎችና በሬዎች አስቀረ። ሳሙኤል ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግዚአብሔር ሲጮኽ አደረ። ጠዋት ማልዶ ተነሥቶ ንጉሡን ሊገናኝ ሄደ። ሳኦል የጌታን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ ሲለው፣ ታዲያ ይህ በጆሮዬ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው? አለው። ሳኦልም ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ነው ብሎ አመካኘ።

ሳሙኤል የገሠጸው በገዛ እጁ የቀባውን ሰው ነው። ይህ ለእኛ ይከብደናል። የሌላው ወገን በጎች ሲጮኹ ከሩቅ እንሰማለን። የእኛ ወገን ሲሰርቅ፣ ሲዋሽ፣ ሰውን በዘሩ ሲያዋርድ፣ የእግዚአብሔርን ስም ሽፋን ሲያደርግ ግን ጆሯችን ይደፈናል። ቤተ ክርስቲያን ለአንዱ እጩ የቅስቀሳ መድረክ መሆን የለባትም የምለው ለዚህ ነው። አንዴ ከአንዱ ወገን ጋር ከተለጠፈች በኋላ መገሠጽ አትችልም። ምእመኑን «እሱን ካልመረጥክ ክርስቲያን አይደለህም» ማለትም የሰውን ሕሊና መንጠቅ ነው። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ሲዋረድ ግን፣ ያዋረደው ማንም ይሁን ማን፣ ድርጊቱን በስሙ ጠርታ መቃወም አለባት። የሳሙኤል ተግሣጽ ክብደት የነበረው ሌሊቱን ስላለቀሰ ነው። ያላለቀስንለትን ሰው ስንወቅስ አብዛኛውን ጊዜ ንዴታችንን ነው የምንናገረው።

በውጤቱ ከልባቸው ለተጎዱ፣ ነገ ምን ይደርስብኛል ብለው ለሚሰጉ አንድ ቃል ልጨምር። «እግዚአብሔር በዙፋኑ ነው» እውነት ነው። ግን የሚያለቅስን ሰው ዝም ለማሰኘት አንጠቀምበት። ሳሙኤል ለሳኦል ብዙ አልቅሷል። በምዕራፍ 16 መጀመሪያ እግዚአብሔር እስከ መቼ ታለቅሳለህ? አለው፤ ወዲያውም ሌላ ንጉሥ እንዲቀባ፣ ቀንድህን ዘይት ሞልተህ ወደ ቤተልሔም ሂድ ብሎ ሥራ ሰጠው። ሳሙኤል ሳኦል ይገድለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እንደፈራ ሄደ። ያዘናችሁ ወገኖቼ፣ ጊዜ ወስዳችሁ አልቅሱ፤ አብረናችሁ እንቀመጣለን። የጀመራችሁትን የእስረኞች ጥየቃ፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች የምታደርጉትን እርዳታ፣ የታመሙትን መጎብኘት ግን አትተዉት። ማንም ሥልጣን ቢይዝ እነሱ ይጠብቋችኋል።