ሀገረ ስብከትና ቪካሪየት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የእምድብርም የመቂም ካቶሊክ ጳጳስ «አቡነ» ይባላል። ታዲያ እምድብር ሀገረ ስብከት፣ መቂ ቪካሪየት የተባሉት ለምንድን ነው?

ነገሩ ሥልጣኑ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። የእምድብሩ ጳጳስ የሚያስተዳድረው በራሱ መንበር ነው። የመቂው ግን በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም፣ እንደራሴ ሆኖ ነው።

ምእመኑ ልዩነቱን የሚያየው ቅዳሴ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአዲስ አበባ ተከፍሎ የቆመው እምድብር የግዕዝ ሥርዓት ይከተላል፤ ከበሮና ጸናጽል አለ። አዲግራትም እንዲሁ። እንደ መቂ፣ ሐረርና ሐዋሳ ያሉት ቪካሪየቶች ደግሞ የላቲን ሥርዓት ናቸው። ቁምስናው፣ ማለትም አጥቢያው፣ በሁለቱም ዘንድ ያው ቁምስና ነው።

ቪካሪየትን «ታናሽ» ማለት ግን ልክ አይመስለኝም። የሐረሩ ሥር እስከ 1846 እ.ኤ.አ. ይወርዳል፤ የአዲግራት ሀገረ ስብከት የቆመው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው።