የእንግሊዝ የልጆች መዝሙሮች ድብቅ ታሪክ፣ የቱን እንመን?
ብዙዎቻችን የሰማነው "ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ" የሚባለው የልጆች መዝሙር በ1665 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለንደንን ስለፈጀው ወረርሽኝ ነው የሚለውን ነው፣ ግጥሙ ውስጥ ያለው ቀለበት ቆዳ ላይ የሚወጣው ሽፍታ፣ አበባው በሽታ ማባረሪያ፣ ማስነጠሱ ምልክቱ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም መውደቃቸው ደሞ ሞት ነው ይባላል። ሲሰሙት ያሳምናል አይደል? ግን ግጥሙ እንግሊዝ ውስጥ ታትሞ የወጣው በ1881 ነው፣ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው፣ የወረርሽኙ ትርጓሜ ራሱ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ድሮ ከተመዘገቡት ቅጂዎች ብዙዎቹ ላይ ደሞ ማስነጠስ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። እኔ በበኩሌ ታሪኩ የተወደደው ስለሚያስፈራ ነው ባይ ነኝ።

ከግንብ ላይ ስለወደቀው ሃምፕቲ ደምፕቲ የሚዘፈነውም ያው ነው፣ ሃምፕቲ በ1648 የእንግሊዟ ከተማ ኮልቸስተር በጦር ስትከበብ የወደቀ መድፍ ነው ይላሉ፣ ግን መልሱ እንቁላል የሆነ እንቆቅልሽ ነበር የሚለው የበለጠ ያስኬዳል።

ስለዚህ እንዲህ አይነት ነገር ስትሰሙ መጀመሪያ ግጥሙ መቼ ታተመ በሉ። ስለ ሜሪና በጓ የሚለው ለምሳሌ ምንም ድብቅ ነገር የለውም፣ አሜሪካዊቷ ሳራ ጆሴፋ ሄል በ1830 አሳተመችው፣ አለቀ።