ዮጋ ከምንጣፉ ውጭ፦ ያማና ኒያማ በዕለት ተዕለት ኑሮ

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ወይ በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ነው። የዮጋን ፍልስፍና በጽሑፍ ያደራጀው የጥንቱ ሕንዳዊ ሊቅ የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» ግን ስለ አካል አቀማመጥ የሚናገረው በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ከ1,500 ዓመት በላይ እንዳስቆጠረ የሚታመነው ይህ የሕንድ ድርሰት በጠቅላላው 195 ያህል ዓረፍተ ነገሮች አሉት። መንገዱን በስምንት ይከፍለዋል፤ አቀማመጥ ሦስተኛው ነው። ከእሱ ቀድመው የሚመጡት ያማና ኒያማ ሁለቱም ሥነ ምግባር ናቸው።

ያማ ከሰው ጋር ስንኖር የምንጠብቃቸው አምስት ነገሮች ናቸው፦ አለመጉዳት (አሂምሳ)፣ እውነት (ሳትያ)፣ አለመስረቅ (አስቴያ)፣ ፍትወትን መግታት (ብራህማቻርያ) እና አለማግበስበስ (አፓሪግራሃ)። እነዚሁ አምስቱ የጃይን እምነት (ሌላው ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት) መነኮሳት መሐላዎችም ናቸው። ኒያማ ደግሞ ወደ ራስ ያያል፦ ንጽሕና፣ ባለው መርካት፣ ራስን መግራት፣ ራስን ማጥናትና ራስን ለፈጣሪ መስጠት።

ሲነበቡ ቀላል ይመስላሉ። ጠንከር የሚሉት ፓታንጃሊ ቀጥሎ የሚያመጣው ሐሳብ ላይ ሲደረስ ነው። ያማ በትውልድ፣ በቦታ፣ በጊዜም ሆነ በሁኔታ አይገደብም ይላል። የሱትራው ጥንታዊ ተንታኝ ቪያሳ ነገሩን የሚያስረዳው በዓሣ አጥማጅ ነው። ዓሣ አጥማጁ «እኔ ከዓሣ በቀር ማንንም አልገድልም» ይላል። ሌላው «በተቀደሰ ቦታ አልገድልም»፣ ወታደሩም «በጦር ሜዳ ካልሆነ አልገድልም» ይላል። ሁሉም አሂምሳን ይዘዋል፤ ግን እየቆረጡ ነው የያዙት።

ይህ ሰበብ ዛሬም አለ። ቤቱ በግ የሆነ ሰው ቢሮ ሲገባ የበታቹን ያስለቅሳል። ሲጠየቅ መልሱ «ሥራ ሥራ ነው» ነው።

ለዘመኑ ኑሮ ከሁሉም የሚቀርበው ግን ሌላ የሱትራው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ጉዳት በሦስት መንገድ ይፈጸማል ይላል፦ ራስ በማድረግ፣ ሌላውን በማስደረግ፣ ሲደረግ አይቶ ይሁን በማለት። መነሻውም ስግብግብነት፣ ንዴት ወይም ድንቁርና ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲዋረድ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ ቡድን ውስጥ ተለቀቀ እንበል። የቀረጸው አንዱ ነው። «ላክልኝ» ያለው ሌላው ነው። ሦስተኛው የሳቅ ኢሞጂ ጣል አድርጎ አለፈ። በሱትራው ሚዛን ሦስቱም አያመልጡም፤ ልዩነታቸው የመጠን ነው። «እኔ ምን አደረግኩ?» የሚለው መልስ እዚህ ብዙም አያዋጣም።

ሳትያም ውሸት አለመናገር ብቻ አይደለም። ቪያሳ ንግግር የሚያታልል፣ የሚያምታታ ወይም ፍሬ ቢስ መሆን የለበትም ይላል። ሰውን ለመጉዳት የተነገረ እውነት ደግሞ የበጎነት መልክ ብቻ ነው ያለው። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» እያሉ ሰው ማቁሰል በዚህ ሚዛን ያስገምታል። ስለዚህም ነው አሂምሳ የቀሩት አራቱ ሥር የሚባለው።

አስቴያ የሰው ዕቃ አለመንካት ነው፤ መመኘቱንም ይጨምራል። የባልደረባን ሐሳብ ስብሰባ ላይ የራስ አድርጎ ማቅረብ፣ እያረፈዱ የሰው ጊዜ መብላት፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። አፓሪግራሃን ቪያሳ የሚያየው እንደ ሒሳብ ነው፦ ንብረት ለማግኘት ድካም፣ ለመጠበቅ ጭንቀት፣ ሲጠፋ ሐዘን አለው። ስልኩ ሞልቶበት ፎቶ መሰረዝ የሚያቅተው ሰው ይህ አይጠፋውም።

ስለ ብራህማቻርያ ስምምነት የለም። ጥንታዊ ትርጓሜው ከሩካቤ ሥጋ መታቀብ ነው። የዛሬ አስተማሪዎች ብዙዎቹ «ልከኝነት» ብለው አለስልሰውታል፤ ጉልበትን በሚያባክን ነገር አለመዋጥ እንደማለት። ለባለትዳር ይመቻል፤ ግን አዲስ ንባብ መሆኑን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ራስን ማጥናትም እንደዚሁ ነው። ድሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብና መድገም ነበር፤ አሁን ማስታወሻ ደብተር መያዝን ጨምሯል።

እንዴት ይተገበራል ለሚለው ፓታንጃሊ አንድ ዘዴ ይሰጣል፦ ክፉ ሐሳብ ሲያስቸግር ተቃራኒውን ማሰብ። በንዴት የተጻፈ መልእክት ከመላኩ በፊት የሚያስከትለውን መዘዝ እስከ መጨረሻው መከተል አንዱ መንገድ ነው።

ሥነ ምግባሩ በዮጋ ክፍል ውስጥም ያስፈልጋል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ታዋቂ የዮጋ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን በጾታዊ ትንኮሳ በድለዋል ተብለው ተከሰዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሠልጠኛዎች ለአስተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል። አንዳንዶቹ ጋ ተማሪው ምንጣፉ አጠገብ ትንሽ ካርድ ያስቀምጣል። አስተማሪው አቀማመጡን ለማስተካከል እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ካርዱን አይቶ መነካት መፈቀድ አለመፈቀዱን ያውቃል።