ፀሐይ ሳለ ሣርህን አድርቅ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ አዳራሾቿ ውስጥ የማይባል ነገር የለም። በቅርቡ አንድ አሠልጣኝ ለወጣቶች ሲናገር «ሜክ ሄይ ዋይል ዘ ሰን ሻይንስ» አለ። ቀጥሎም «በወጣትነታችሁ ዓለማችሁን ቅጩ ማለት ነው» ብሎ ፈታላቸው። ተጨበጨበለት። እኔ ግን አንጀቴ አረረ።

የእንግሊዝኛው አባባል ቃል በቃል «ፀሐይ ሳለ ሣርህን አድርቅ» ነው፤ «ሄይ» ማለት ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ሲሠራ ያየ ሰው ስለ መዝናናት ነው ሊል አይችልም።

ያደግኩት ሰላሌ ነው። ክረምቱን ከብት ሳይገባበት ተከልሎ የከረመ ሣር መስከረም ላይ ለአጨዳ ይደርሳል። አገዳው ሳይጠነክር መታጨድ አለበት። የዘገየ ሣር የላሟን ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። መስከረም ደግሞ አይታመንም፤ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት ያጉረመርማል። ስለዚህ ሰማዩ የጠራ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ሜዳ ይወርዳል። ትልልቆቹ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። እኛ ልጆች እየተከተልን እንበትናለን፤ ላዩ ሲደርቅ እናገላብጣለን። አያቴ አንድ ጭብጥ ያነሱና ጠምዘዝ አድርገው ያሸቱታል። እርጥበት ካለው አይከመርም! እርጥብ የተከመረ ሣር ይግላል፣ ይሻግታል። ክምሩ ትልቅ ከሆነማ ከራሱ ሙቀት እሳት ሊነሳ ይችላል። ዝናብ ከቀደመን የዓመቱ መኖ ጠቆረ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ገበሬም ጭንቀቱ ይኸው ነው፤ አገሩ በበጋም ይዘንባል። አባባሉ እ.ኤ.አ. በ1546 በታተመው የእንግሊዛዊው ደራሲ የጆን ሄይውድ የምሳሌያዊ ንግግሮች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ምቹ ጊዜ ሳያመልጥህ ሥራህን ጨርስ ነው የሚለው።

መዝገበ ቃላቱ ላይ ከ«ሄይ» ትንሽ ዝቅ ስትሉ ዘመዶቹን ታገኛላችሁ። «ሄይሜከር» ድርቆሽ ሠሪውም ነው፣ ከሩቅ ተወርውሮ የሚመጣ ቡጢም ነው። ትንሽ አለፍ ሲል «ሄይዋየር» አለ፤ የድርቆሽ ማሰሪያ ሽቦ። ነገር ሲመሰቃቀል «ሄይዋየር ሆነ» ይላሉ። ብዙዎች የሚቀበሉት ታሪክ በአሜሪካ እንጨት ቆራጮች ሰፈር የተበላሸውን ዕቃ ሁሉ በዚህ ሽቦ እያሰሩ መጠቀማቸውን ነው። ያስኬዳል። እኔ ግን ልቤ የሚያደላው ወደ ሽቦው ጠባይ ነው። ተወጥሮ የታሰረን ድርቆሽ ሽቦ በጥሳችሁ ታውቃላችሁ? ተስፈንጥሮ ይጠቀለላል፣ እጅ ይገርፋል፣ መልሶ ማቃናት አይቻልም። ቃሉን መጀመሪያ የተናገረው ሰው እጁን የተገረፈ ይመስለኛል።

እዚሁ አዳማ የወተት ላም ያረባ፣ የጋሪ ፈረስ የቀለበ ሁሉ ስለ ድርቆሽ ሊያስረዳ ይችላል። አሠልጣኞች መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን ጠይቁ እንጂ! ዓለም ለመቅጨትማ የራሳችን አማርኛ አለ፤ የገበሬውን ላብ ለዚያ አታውሉት።